ሃያ ሁለት ቀበሌ በስልክ ሽቦ

አገርነሽ የክሊራንስ ወረቀቷን እንዳይጨማደድባት በፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ከታ ነበር የምትዞረው። ወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ ሣጥን አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ፈርሟል፤ አንድም ቀን መጽሐፍ ተውሳ ባታውቅም ፈርሟል። ትራንስፖርቱ ፈርሟል፣ መዝገብ ቤቱ ፈርሟል፣ የሠራተኞች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሦስት ቀን ካስጠበቃት በኋላ ባጃጅ ሊሳፈር ሲል ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈርሞላታል። የቀረው አንድ ሣጥን ነበር፤ የንብረት ክፍል።

ያንን ፊርማ ካላገኘች ከመሥሪያ ቤቱ አትወጣም። ስድሳ ዓመቷን በሰኔ ደፍናለች፤ የስንብት ሻይ ተጠጥቷል፤ ጋቢም ተሸልማለች። ነገር ግን "በስምዎ ያለውን ንብረት እስኪያስረክቡ ድረስ በሥራ ገበታዎ ላይ እየተገኙ እንዲቆዩ" የሚል ደብዳቤ በሐምሌ ደረሳት፤ በነሐሴ ሁለተኛው ተከተለ። ተሸልማ የተሸኘች ሴት በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ ስትፈርም ያየው ጥበቃው ሻንቆ፣ "እትዬ፣ እንግዲያው ጋቢውን ይመልሱልና" ብሎ ቀለደባት። ሣቀችለት። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ግን ሣቁ አልቆየላትም።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ በኃይሉ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካርዷን አወጣ።

"ወንበር አንድ፣ አስረክበዋል። ካልኩሌተር አንድ፣ አስረክበዋል። ስቴፕለር፣ እሺ። ኮምፒዩተር አንድ።" ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ።

"እሱማ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዛሬውኑ ሊረከቡኝ ይችላሉ።"

"ባዶውን ነው ወይስ ከነሆዱ?"

ሆዱ የተባለው የሃያ ሁለት ቀበሌዎች የመሬት መዝገብ ነው። የየገበሬው ስም፣ የማሳው ልክ፣ ወሰንተኞቹ፣ በእጅ የተነሣው ንድፍ ሳይቀር ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያስገባችው አገርነሽ ናት። አሁን መዝገቡ ወደ አዲሱ ሲስተም መዛወር አለበት፤ የአዲሱ ሲስተም ክፍል "ደርሶኛል" ብሎ ካልፈረመ በኃይሉም አይፈርምም።

"ታዲያ ተከፍቶ ዲስኩ ይውጣና ይገልበጥ።"

"እሽጉስ?"

እሽጉን ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሰባት ኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ተሰርቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንብረት ክፍል በየኮምፒዩተሩ መጋጠሚያ ላይ ባለ ሦስት ፊርማ ወረቀት ለጥፎ ክብ ማኅተም አሳርፎበታል። ያ ወረቀት የሚቀደደው ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ ነው። ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች አርጅተው ተወግደዋል። የእሷ ብቻ እንደታሸገ ቀረ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በኃይሉ ራሱ ነው፣ ሁለተኛው ከኦዲት ነው፤ ሦስተኛው የነበረበት ክፍል በመዋቅር ለውጥ ከሌላ ጋር ተዋህዶ ወንበሩ ባዶ ሆኗል።

"ሦስተኛ ሰው ይመደባ።"

"ጠይቀናል። ደብዳቤው ሄዷል።"

"መቼ?"

"ከፋሲካ በፊት።"

"ሁለታችሁ ብትከፍቱትስ?"

"ሁለት ሰው ኮሚቴ አይሆንም ወይዘሮ አገርነሽ። ሁለት ሰው ወሬ ነው።"

አገርነሽ ክርክር አይሆንላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፅ ከፍ ሲል ቃል ይጠፋባታል። "እሺ" ብላ ወረቀቷን ወደ ልባሱ መለሰችና ወጣች።

ቦዲቲ ላይ ታላቅ እህቷ ሐመልማል አለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ዓይኗ ከዓመት ዓመት እየደከመ መጥቶ አሁን የሰው ጥላ እንጂ ፊት አትለይም። የምትኖረው ሁለቱም በተወለዱበት በአባታቸው ግቢ ነው። አገርነሽ ባል አላገባችም፤ በሶዶ አንዲት ክፍል ተከራይታ ስትኖር ሁለት ጊዜ ወደ ቦዲቲ ዝውውር ጠይቃለች፤ ሁለቱንም ጊዜ "ኮምፒዩተሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ" ተብሎ ተመልሶባታል። ሌላ ሰው እንዲኖር ብላ አራት ሰው አስተምራለች። አራቱም እንደለመዱ ተዛውረው ሄዱ፤ አንዱማ የተዛወረው ቦዲቲ ነው።

"አገሬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?" አለቻት ሐመልማል በስልክ።

"አንድ ፊርማ ቀርቶኛል እታለም።"

"ባለፈውም አንድ ነበር።"

"ያው እሱ ነው።"

"እኔ ሐዋሳ ሄጄ ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ? እዚህ እኮ እያንዳንዷን የእንሰት ተክል በእጄ ነው የማውቃት።" ቀጠለች። "ጦና ለጊፋታ መኪና ይዞ ይመጣል። ጓዝሽን ይዘሽ ገብተሽ ካገኘሽ ይተወኛል። አለዚያ ይወስደኛል። አክስቴ ከምትልከው ቃል ይልቅ ራሷን ልያት ብሏል።"

ጦና የሐመልማል አንድ ልጅ ነው፤ የሚኖረው ሐዋሳ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ባለፈው ክረምት እናቱ ጓሮ ወድቃ እስከ ማታ ድረስ የሚያነሣት አጥታ ስለዋለች ነው እንዲህ የጨከነው። ጊፋታ ሊደርስ ደግሞ ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። የዘመን መለወጫው ሲገባ የወላይታ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይገባል፤ ሐመልማል ግን በዚያው ቀን ከአባቷ ቤት ልትወጣ ነው።

አገርነሽ በማግሥቱ የአዲሱ ሲስተም ባለሙያ ወደሆነው ወደ ደግፌ ሄደች። ደግፌ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። ከአሮጌው ኮምፒዩተር ኋላ ተንበርክኮ በሞባይሉ መብራት ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አየ።

"እትዬ፣ ሰውየው ታውሯል፣ ደንቁሯል፣ ግን አልሞተም" አላት ጉልበቱን እያራገፈ።

የሲዲው መሳቢያ አልከፈት ካለ ስንት ዘመኑ። ፍሎፒ የሚጎርሰው አፍ ዝጓል። ዩኤስቢውና ሌሎቹ የኋላ ቀዳዳዎች በሁለት ሺህ ሦስቱ መብረቅ ተቃጥለዋል። የተረፈው የስልክ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ በዚያን ዕለት ሽቦው ተነቅሎ ስለነበር ነው የተረፈው። ከቀዳዳው ጀርባ፣ ሣጥኑ ውስጥ፣ ኮምፒዩተርን በስልክ መስመር ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የሚያነጋግረው ሞደም አለ።

"ፍጥነቱን ንገረኝ" አለች አገርነሽ፤ ደብተሯን አወጣች። ልማዷ ነው፤ ያልጻፈችውን አታምንም።

"መዝገቡ በሙሉ ዘጠኝ መቶ ሜጋባይት ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ ዲስኩን በራሱ ኬብል ብናወጣው፣ ሲሸጥ በሰከንድ ሠላሳ ሦስት ሜጋባይት ይላል፤ አርጅቷል፣ አሥር ይበሉት። አንድ ደቂቃ ተኩል።"

"አንድ ደቂቃ ተኩል" ብላ ጻፈች።

"ዩኤስቢው ባይቃጠል፣ የድሮው ዓይነት ስለሆነ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ገደማ። ሩብ ሰዓት። ፍሎፒው ቢሠራ በሰከንድ ሠላሳ ኪሎባይት፤ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ለዚያውም ከስድስት መቶ ሃያ በላይ ፍሎፒ ፈልገን። ሶዶ ብትታሰስ ስድስት አይገኝም።"

"ሞደሙስ?"

ደግፌ ጭንቅላቱን አሻሸ። "ሠላሳ ሦስት ነጥብ ስድስት ይሉታል። ስሙ ትልቅ ነው። ግን የሚቆጠረው በቢት ነው፤ ለስምንት ሲካፈል አራት ኪሎባይት ይሆናል። የኛ መስመር አሮጌ ነው፤ ሦስት ተኩል እንበል። ሰባ ሦስት ሰዓት።"

"ከፍሎፒውም ያንሳል?"

"ዘጠኝ እጥፍ ያህል ያንሳል።"

አገርነሽ የጻፈችውን ተመለከተች። አንድ ደቂቃ ተኩል፤ ሩብ ሰዓት፤ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ሰባ ሦስት ሰዓት። የእሷ ቢሮ ዘጠኝ ቁጥር ነው፣ የደግፌ አሥራ አራት ቁጥር። በመካከላቸው ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።

"ተሸክሜው ብመጣልህስ?"

"መምጣቱን ይመጣል። መዝገቡ ግን ከሣጥኑ አይወጣም።"

ሞደሙን አታውቀው አይደለም። በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ኮምፒዩተሩ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ እሷን ነበር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሐዋሳ የላኳት፤ ከታይፕ ጸሐፊዎቹ ሁሉ የማትሳሳተው እሷ ስለነበረች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሪፖርት ትልክ ነበር። ሞደሙ ቁጥሩን ይደውላል፤ ከወዲያ ሲነሣለት መጀመሪያ እንደ ፉጨት፣ ቀጥሎ ጅብ እንደያዘው ፍየል ይጮኻል፤ በመጨረሻም ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሽሽ ብሎ ይረጋል። ያን ጊዜ ሰዎች በመስኮት እየመጡ ያዳምጡ ነበር። አንድ ገጽ በሰከንድ ሐዋሳ ገባ ሲባል የማይደነቅ አልነበረም። እሷም በዚያ ዘመን ፈጣን ሰው ትባል ነበር።

ደግፌ ከተወገዱ ዕቃዎች ክምር ውስጥ ሌላ አሮጌ ሞደም አግኝቶ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። የሞተውን የመሥሪያ ቤቱን የስልክ ማዞሪያም አምስት ቀን ታግሎ አስነሣው። አገርነሽ መዝገቡን በየቀበሌው ከፋፈለችው፤ መስመር ቢቋረጥ የሚጠፋው የአንድ ቀበሌ ድካም ብቻ እንዲሆን። አንዱ ቀበሌ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። ጊፋታ የሚውለው እሁድ ነው፤ ከዚያ በፊት እስካለው ዓርብ አሥር የሥራ ቀን ቀርቷል፤ ሃያ ቀበሌ። የቀሩትን ሁለቱን ምሳ ሰዓቷን እየሰዋች ልታሟላ ወሰነች። የሚባክን ግማሽ ቀን አልነበራትም።

ሰኞ ጠዋት ሞደሙ ጮኸ። የመጀመሪያው ቀበሌ በሰላም ገባ። ሁለተኛው ሲጋመስ ጩኸቱ በድንገት ቆመ። አገርነሽ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የሰው ኃይሉ አቶ አንጁሎ መነጋገሪያውን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

"ስልኩ ሠራ እኮ" አላት ፊቱ በርቶ። "ሰባት ዓመት ሙሉ ድዳ የነበረው። ብቻ ሳነሣው የሆነ አውሬ ጮኸብኝ።"

"አውሬው የኔ ነው አቶ አንጁሎ። እባክዎ አያንሡብኝ።"

"ኧረ አላነሣም።"

ከሰዓት ግን ሌላው አነሣ። ወሬው በመሥሪያ ቤቱ ተዳርሶ ስልክ ሠራ ተባለ፤ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ሞባይል እያለው የጠረጴዛውን ስልክ እያነሣ ያዳምጥ ጀመር። ስልኮቹ ሁሉ በአንድ መስመር የተያያዙ ናቸውና ባነሡ ቁጥር መስመሩ ይበጠሳል፣ ቀበሌው ከመጀመሪያው ይጀምራል። አገርነሽ በሚያምር እጅ ጽሑፏ "እባክዎ ስልኩን አያንሡ" የሚል ወረቀት በየስልኩ ላይ ለጠፈች። ወረቀቱን ያዩት ደግሞ "ለምን?" ብለው እያነሡ አረጋገጡ።

ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ከሰዓት ከሰዓት መብራት ይጠፋል። ጀነሬተሩ የሚደርሰው እስከ ኃላፊው ቢሮ ነው። ሻንቆ በመስኮት ብቅ እያለ፣ "እትዬ፣ እኛ ቤት በቃሪያና በዝንጅብል የሚፈጨው ዳታ በሁለት ሳምንት ይበላሻል። የርስዎ ዳታ ሃያ አምስት ዓመት እንዴት ቆየ?" ይላታል።

"ስላልተበላ ነዋ።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አይዞዎት።"

"እንቁላሉስ ይሂድ። እኔ ነኝ የተቀመጥኩት።"

ሌላ ሥራ አልነበራትም። ተነሥታ ብትሄድ መስመሩ ሲቆረጥ የሚያስቀጥለው የለም። እየተንፏቀቀ የሚሄደውን ቁጥር ስትመለከት ትውላለች፤ አርባ አንድ በመቶ፣ አርባ አንድ በመቶ፣ አርባ አንድ በመቶ፣ አርባ ሁለት። ከፊት ለፊቷ ደግሞ እሽጉ አለ። ማኅተሙ ሐምራዊ ቀለሙን ለቆ ቡናማ ሆኗል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮምፒዩተሩን በየጠዋቱ ስትወለውል ወረቀቱን እንዳትነካ በጣቷ ጫፍ ዙሪያውን እየዞረች ነው። አንድ ቀን ደግፌ ጠመንጃ መፍቻውን በእጁ እያገላበጠ፣ "አራት ብሎን ነው እትዬ" አላት። "የመንግሥት ማኅተም ነው ልጄ" አለችው፤ ደግፌም መፍቻውን ኪሱ ከተተ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ቀበሌ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት እስከ ሐሙስ ስምንት። ዓርብ ጠዋት ሰባት ቀበሌ ቀርቷታል፤ ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሐመልማል በሦስት ሰዓት ደወለች።

"ጦና ነገ ይገባል። ልብሴን ልሰብስብ ወይስ ልተወው?" አለቻት። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ለአገርነሽ የከበዳት ይኸው ነው።

"ትንሽ ቆይ እታለም። መልሼ እደውላለሁ።"

ወደ በኃይሉ ሄደች። በኃይሉ ቦርሳውን እየዘጋ ነበር፤ እሱም ለጊፋታ ሊወጣ ነው። "ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን ወይዘሮ አገርነሽ" አላት። ከበዓሉ በኋላ የሚባለው ለእሷ እንደሌለ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልመጣ አለ። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ደግፌ አጠገቧ ቆሟል።

እጇን ዘርግታ የእሽጉን ወረቀት ጫፍ በጥፍሯ ነካ አደረገችው። ልትቀድደው ልቧን ስታደነድን ወረቀቱ ራሱ ብድግ አለ። ሙጫው ከደረቀ ስንት ዘመኑ። አቧራ ነው ይዞት የነበረው። ምንም ሳይቀደድ፣ ሦስቱም ፊርማ እንዳለ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል መዳፏ ላይ ወደቀ።

ወረቀቱን ደብተሯ ላይ በጥንቃቄ አኖረችው።

"ይፍቱት" አለች አገርነሽ። ደግፌን አንቱ ብላው አታውቅም ነበር።

አራቱ ብሎን ተፈታ፣ ዲስኩ ወጣ፣ በኬብል ከደግፌ ላፕቶፕ ጋር ተገናኘ። የቀሩት ሰባት ቀበሌዎች ግማሽ ደቂቃ ያህል ፈጁ። ደግፌ ለጥንቃቄ ሃያ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ደገማቸው። አገርነሽ የግድግዳውን ሰዓት ተመለከተች፤ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ሁለት ሳምንት በልመና አልፈው፣ ከዚያም በፊት ሐምሌና ነሐሴ፣ ከዚያም በፊት ሁለት የዝውውር ማመልከቻ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ደብተሯን አውጥታ ቁጥሩን ጻፈች።

ደግፌ "ደርሶኛል" ብሎ ፈረመላት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወረቀቱ አልተቀደደም እኮ። ሙጫ አለኝ። መልሰን ብንለጥፈው ማን ያውቃል?" አላት።

"እኔ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ።"

"ሁለት ሰው ብቻ ነና።"

"ተው ልጄ።"

ወረቀቱን ከክሊራንሱ ጋር በአንድ ልባስ ውስጥ አድርጋ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች። በኃይሉ በሩን ሊቆልፍ ቁልፉን ይዟል። ወረቀቱን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ።

"ማን አነሣው?"

"እኔ።"

"ምን አደረጉ ወይዘሮ አገርነሽ?"

"መዝገቡ ገብቷል። ደግፌ ፈርሟል።"

በኃይሉ ቦርሳውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከፋሲካ በፊት የጠፋው ሦስተኛ ሰው በአንድ የስልክ ጥሪ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተገኘ፤ አንጁሎ ነበር። ከኦዲትም መጣ። ለመክፈት ያልተሟላው ኮሚቴ ለመክሰስ ተሟላ። አገርነሽ ኮሪደር ላይ ቆማ ጠበቀች። ስትጠራ አንጁሎ ቀና ብሎ ሊያያት አፍሮ ጠረጴዛውን ይመለከት ነበር።

በኃይሉ ደብዳቤውን አነበበላት። የታሸገ የመንግሥት ንብረት ያለ ኮሚቴ ስለከፈቱ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ድረስ ክሊራንስዎ ተይዞ፣ ከሥራ ገበታዎ ታግደው እንዲቆዩ።

አገርነሽ ደብዳቤውን ተቀብላ ራሷ ደግማ አነበበችው፤ እስከ ግርጌው ድረስ። "ታግጄ ማለት፣ ሰኞ አልመጣም ማለት ነው?"

"መምጣት የተከለከለ ነው።"

"ቦዲቲ መሄድስ?"

በኃይሉ ጥያቄው ግራ ገባው። "የትም መሄድ ይችላሉ። እዚህ ብቻ ነው የማይችሉት። ኮሚቴው ሲጠራዎት ይቀርባሉ።"

"የጡረታ ወረቀቴ?"

"ከውሳኔው በኋላ።"

ፈርማ ተቀበለች። ደጅ ወጥታ ለእህቷ ደወለች። "ልብስሽን ተይው" አለቻት።

በማግሥቱ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ ዕቃ ሚኒባስ ላይ አስጭና ቦዲቲ ገባች። ጦና በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጓዙን በዓይኑ ቆጠረ፣ ማዳበሪያውን ከእጇ ተቀበላት።

"ጡረታ ወጣሽ ማለት ነው አክስቴ?"

"ታገድኩ።"

"ምን?"

"ታገድኩ። እስኪወሰን ድረስ።"

ሐመልማል ከውስጥ ሰማች። ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጥታ የእህቷን ትከሻ አገኘች፤ ከዚያ እጇን አውርዳ ፍራሹን ዳሰሰችው፣ እውነት መሆኑን ልታረጋግጥ።

"መቼ ነው የሚወስኑት?"

"አይታወቅም።"

"ስንት ሰዎች ናቸው?"

"ሦስት።"

"እንግዲህ ብዙ ናቸው፤ ቶሎ አይወስኑም" አለችና ወደ ጓዳው አቅጣጫ መራቻት። ጦና እሁድን ውሎ ሰኞ ብቻውን ሐዋሳ ተመለሰ።

ኮሚቴው ማክሰኞ ጠራት። ለምን ከፈቱ ተባለች፤ ደብተሯን አውጥታ የጻፈችውን አነበበችላቸው፣ ሰባ ሦስት ሰዓትና አንድ ደቂቃ ተኩል። በኃይሉ ጥያቄው ስለ ፍጥነት አይደለም አላት። ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ተላለፈ፤ ከዚያም ደግሞ ለሁለት ሳምንት። ኦዲተሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ አሁን እንደገና ሁለት ሆነዋል። ኮምፒዩተሩ ባዶ ሆኖ፣ ዲስኩ ወጥቶ፣ አሁንም በስሟ ካርዱ ላይ አለ።

በየቀጠሮው ጠዋት አገርነሽ የቢሮ ልብሷን ትለብሳለች። ሐመልማል እስከ ግቢው በር ድረስ በእጇ እየተመራች ትሸኛታለች፤ አገርነሽ ከቦዲቲ ሶዶ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ትጠብቃለች፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ "ዛሬ አልተሟሉም" ትባላለች። ፈርማ ትወጣለች። ሳይመሽ ቤት ለመግባት ትቸኩላለች፤ እህቷ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቃት ታውቃለችና።